የብራና ጓርኒሲዮን

ወጣቱ ይታያል ቦርሳውን ካዘጋጀ ሰንብቷል። ቦርሳው ከአልጋው ራስጌ ባለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ተንጠልጥሎ ያድራል። እናቱ እትዬ ወይንእሸት ክፍሉን ሲጠርጉ ቦርሳውን ሳይነኩ በሥሩ ያልፋሉ። አባቱ ጋሽ አስናቀው ግን ወደዚያ ክፍል መግባት ትተዋል።

ነገሩ ለማናችንም ስውር አልነበረም። ይታያል በጅቡቲ አድርጎ ቀይ ባሕርን ለመሻገር ከደላላ ጋር ተነጋግሯል። አብሮ አደጎቹ ቀድመውታል። ከእነሱ አንዱ ጅዳ ገብቶ ደውሎለታል፤ የሌሎቹ ድምፅ አልተሰማም። ይታያል የሚያወራው ስለ ደወለው ልጅ ነው። እትዬ ወይንእሸት የሚያስቡት ስላልደወሉት ነው።

እኔ ፍቅረ ሥላሴ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ሜካኒካል ምሕንድስና ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ሳጣ፣ ጋሽ አስናቀው ቢቸና ካለው ጋራዣቸው አስገቡኝ። «ኢንጂነር» ብለው ይጠሩኛል። ሲያመሰግኑኝም ሲቀልዱብኝም ቃሉ ያው ነው፤ የቱ እንደሆነ ፊታቸውን አይቼ እለያለሁ። ይታያልም ያደገው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። እጁ ቀና ነው፤ ልቡ ግን ከሥራው ከራቀ ቆይቷል።

ጋሽ አስናቀው ልጃቸውን ለምነው አልሆነላቸውም። ተቆጥተውም አልሆነላቸውም። ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን ግን ከሞጣ አንድ አሮጌ ሞተር በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ከመኪናው ስናወርደው ይታያል ወዲያው ዐወቀው።

«የአያቴ ወፍጮ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው።»

በጎኑ ትልቅ የብረት መዘውር ያለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። የእትዬ ወይንእሸት አባት ሞጣ ላይ ተክለውት ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲፈጩበት ኖሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ሞተሩ ሸረሪት አድርቶበት ነበር።

«አድሼ ብሰጥህ ትቀራለህ?» አሉ ጋሽ አስናቀው።

ይታያል ሳቀ። «አባ፣ ይህ ሞተር እኮ አንድ ቁና እህል እስኪፈጭ ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው ይጨርሱ ነበር። አሁን መብራት ባለ ቀን የኤሌክትሪኩ ወፍጮ እፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው።»

«መብራት ባለ ቀን።»

«እሱስ ልክ ነው።»

«እኔም አያትህ እንደተዉት አልሰጥህም። አቅሙን እጨምረዋለሁ። ትልቁን ድንጋይ ያዞራል። መብራት ኖረ አልኖረ ሰው ወዳንተ ይመጣል። ሞጣ ሄደህ የራስህ ጌታ ሆነህ ትኖራለህ።»

ይታያል መዘውሩን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። ቆይቶ «እስከ ፋሲካ ሠርቶ ካሳየኝ እቀራለሁ» አለ። «ካልሆነ ግን እንዳይዙኝ።»

«አልይዝህም» አሉ አባቱ።

ይህን ሲሉ እጃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ እንዴት እንደጨበጡት አይቻለሁ።

የሞተርን አቅም መጨመር ማለት በቀላሉ ሲነገር፣ ሞተሩ ብዙ አየር እንዲስብና በፍጥነት እንዲዞር ማድረግ ነው። አየሩን የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ቫልቮች ናቸው። ቫልቮቹን የሚከፍታቸው ደግሞ ካምሻፍት የሚባል፣ ጉብታ ጉብታ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ጋሽ አስናቀው ዘንጉን ባሕር ዳር ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ልከው ጉብታዎቹን በብየዳ አሳደጉ። የቫልቮቹን ሞላዎች ከከባድ መኪና ሞተር በወጡ ጠንካራ ሞላዎች ለወጡ። ፒስተኑንም ቀየሩ። ሞተሩ ገና ሳይነሣ ሌላ ሞተር ሆኗል ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ጣጣ ይከተላል። ካምሻፍቱን የሚያዞሩት ጥርሶች ሰያፍ ስለተቆረጡ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ወደ ፊት ይገፋል። ሞተሩ እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ ሲዞር ግፊቱ ቀላል ነበር። አሁን በረታ። ወደ ፊት ሲመጣ የምታቆመው በፊተኛው ክዳን ውስጥ የተተከለች አንዲት የነሐስ ጉጥ ናት። በጉጧና በዘንጉ ጫፍ መካከል ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል፤ እኛ መላወሻ እንለዋለን። መላወሻው ከሰፋ ዘንጉ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ጥርሶቹን ይበላል። ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ዘንጉ ከጉጧ ጋር ተጣብቆ ይይዛል፤ እኛ ነከሰ እንላለን። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው።

መላወሻውን የሚወስነው የጓርኒሲዮኑ ውፍረት ነበር። ጓርኒሲዮን ዘይት እንዳያፈስ በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ገብቶ የሚታሰር ስስ ነገር ነው። ወፍራም ጓርኒሲዮን ክዳኑን ከዘንጉ ያርቀዋል፤ ስሱ ያቀርበዋል። የሚቆረጥበት ወረቀት ከአዲስ አበባ ታዞ ተጭኖልን ነበር። ሹፌሩ ግን ከዓባይ ድልድይ ወዲያ ቆመ። መንገዱ ተዘግቷል። እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

በካርቶን ሞከርን። ወፍራሙ ካርቶን መላወሻውን አሰፋው፤ ስሱ ዘይት ጠጥቶ እንደ እርጥብ ዳቦ ፈረሰ። የሲሚንቶ ከረጢት ደራርበንም ሞከርን። ጾሙ ገብቶ ነበር፤ ጊዜው ይሄዳል። ይታያል ከኛ ጋር ይሠራል፣ ግን የሚሠራው እንደ እንግዳ ነው። ሲደክመው ስልኩን አውጥቶ የዚያን የጅዳውን ልጅ ፎቶ ያያል።

ብራናን ያሰቡት እትዬ ወይንእሸት ናቸው። ምሳ ይዘውልን መጥተው ከካርቶን ጋር ስንታገል አገኙን።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ነው የምትፈልጉት?» አሉ።

«ስስ፣ የማይቀደድ፣ ዘይት የማይጠጣ» አልኳቸው። «ውፍረቱም ልክ እኛ የምንለውን ያህል።»

ጥቂት አሰቡና «ይህማ የወንድሜ ሥራ አይደል?» አሉ።

ወንድማቸው መሪጌታ ገብረ ኪዳን መርጡለ ማርያም ቅኔ ያስተምራሉ፤ ብራናም ይፍቃሉ። ጋሽ አስናቀው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንጂነር፣ ይፋቃል እኮ።»

የሳባቸው እሱ ነው። ካርቶን እንደተሠራ ነው፤ ወረቀትም እንደዚያው። ብራና ግን የሚፍቀው ሰው አጠገባችን እስካለ ድረስ ወደፈለግነው ልክ ይመጣል። ከሰው ዕድሜ በላይ የሚቆይ ቆዳ ነው። እኔም አሰብኩበት፤ ከነበረን ነገር ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። ዛሬም ቢሆን በዚያ ቀን የነበረውን ብቻ ይዤ ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

መሪጌታ በቅዳሜ ገበያ መጡ። የፍየል ብራና ጠቅልለው በነጠላ ሸፍነው ይዘዋል፤ መፋቂያቸው በኪሳቸው ነው።

«አስናቀው፣ ሞተርህ ዳዊት ሊደግም ነው እንዴ?»

«ይድገም እንጂ መሪጌታ። ከሚያንኳኳ መድገሙ ይሻለናል።»

«ይህ ዳሩ ላይ ቀዳዳ ስላለበት ለመጽሐፍ አልሆነም። ለመጽሐፍ የሚሆነውንማ ለናፍጣ አልሰጥም።» ከዚያ ይታያልን ቀና ብለው አዩት። «አንተስ? ባሕር የሚከፍልልህ ሙሴ አገኘህ አሉኝ።»

ይታያል ራሱን እያከከ ሳቀ። «የለም የኔታ፣ ጀልባ አለ ብለውኛል።»

«ጀልባ!» አሉ መሪጌታ። ብራናውን ወጥረው መፋቅ ጀመሩ።

ከጋራዡ ሥራዎች ሁሉ የዚያን ቀኑን አልረሳውም። መሪጌታ ይፍቃሉ፤ እኔ በማይክሮሜትር ውፍረቱን እለካለሁ። ጋሽ አስናቀው ከጧፍ ትንሽ ሰም ቆንጥረው ጉጧ ላይ ይለጥፋሉ፤ ብራናውን አግብተው ክዳኑን ያስራሉ፤ መልሰው ይፈቱና የተጨፈለቀችውን ሰም አንሥተው ይሰጡኛል። የሰሟ ውፍረት የመላወሻው ልክ ነው።

«አሁንም ትወፍራለች» ስል መሪጌታ «ጾሙን ታጥብቅ እንግዲህ» ይሉና ወደ ፍቂያቸው ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ልኩ መጣ። መሪጌታ መፋቂያቸውን እየጠረጉ «ብራና ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡበት አይወድም፤ ይኮማተራል» አሉ።

«እርጥበት ከየት ይመጣል? ያለው ዘይት ነው» አሉ ጋሽ አስናቀው። ቢሆንም ነገሩን አልናቁትም። ቁራጭ ብራና በጋለ ዘይት ውስጥ ነክረው አቆዩ። ስናወጣው ቀለሙ ጠቆር ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። እንደገና ለካሁት፤ አልተለወጠም። መሪጌታም አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ክዳኑ ሲታሰር ይታያል የካምሻፍቱን የኋላ ጫፍ በጣቶቹ ይዞ ገፋ፣ ሳብ አደረገው። ዘንጉ በጣም ትንሽ ሄዶ ጠቅ ብሎ ቆመ። እንደገና ሳበው። ጠቅ። ፊቱ ላይ ከብዙ ጊዜ በኋላ የልጅነት ነገር አየሁ።

«ይህቺ ጠቅ የምትለዋ ናት መላወሻ የምትሉት?»

ከክፍተት መለኪያዬ ስስ የብረት ቅጠሎች አንዷን መዝዤ ሰጠሁት። «ይህቺን ታህላለች።»

ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አያት። «ይህቺን ካጣ ይሞታል?»

«ይነክሳል።»

«ጉድ ነው» አለ። ቅጠሏን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሞተሩን ሞጣ ወስደን ተከልነው። ውሃው በበርሜል ሆኖ ሲሊንደሩን እየዞረ ያቀዘቅዘዋል። ጋሽ አስናቀው መዘውሩን አዞሩ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ። ድምፁ የአሮጌ ሞተር አልነበረም። ትልቁ ድንጋይ ሲዞር መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ወይንእሸት የአባታቸው ቤት በር ላይ ቆመው እልል አሉ፤ ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

በማግሥቱ ሰው መጣ። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ባንቺዓለም የምትባል ሽሮ ሻጭ በወፍጮው አፍ ላይ ቆማ ይታያልን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ፣ ጅዳ ገባ ሲሉ ሰምቼ ነበር። እዚህ ዱቄት ሆነህ ቀረህ?»

«ጅዳ የገባውም እንዲህ አልነጣም፣ አንቺ።»

«ነጥተህስ ነበር። ሚስት ግን በዱቄት አትገኝም።»

«ሽሮሽን ያዢና ሂጂ! ኋላ በርበሬ ጨምሬ እንዳልፈጨው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ አስናቀው አልሳቁም፤ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ከልጁ ዘንድ ለጥቂት ቀን ቆየን። ስንሄድ ክዳኑን እያሳየሁት «ይህን አትንካው። የሚያስቸግር ነገር ካየህ ደውልልን» አልኩት። «እሺ ኢንጂነር» አለ፣ አባቱን አስመስሎ።

ቦርሳውን ሞጣ ይዞት ሄዷል። ጾሙ አጋማሽ ላይ ዘይት ልናደርስለት ሄድን፤ ቦርሳው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ አስናቀው አዩትና ዓይናቸውን አዞሩ። ይታያል መፍቻ ፈልጎ ቦርሳውን ሲያወርደው ግን ውስጡ ብረት ተንኳኳ። ልብሱን አውጥቶ መፍቻዎቹን ከትቶበታል። ወደ ቢቸና ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወሩኝ ስለ ሁለተኛ ድንጋይ ነው።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ኔትወርኩ በአካባቢው ሁሉ ተቋረጠ፤ የሞጣም መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ጋሽ አስናቀው ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ አይተው ይመልሱታል። ሆሳዕና አለፈ። ሰው ሁሉ ለፋሲካ የሚያስፈጭበት ጊዜ ስለሆነ «አሁን ፋታ የለውም» ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በጸሎተ ሐሙስ ረፋድ ላይ ይታያል ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ጆንያ ተሸክሟል፤ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ግማሹን መንገድ በእግሩ እንደመጣ ኋላ ሰማን። እትዬ ወይንእሸት ከቤት ሮጠው መጡና ፊቱ ቆሙ። ሕማማት ነውና አልሳሙትም። እጃቸው ተዘርግቶ መሐል ላይ ቀረ።

ይታያል ጆንያውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አራገፈ። ካምሻፍቱ ከሁለት ተሰብሯል። ክዳኑ ላይ ያለችው የነሐስ ጉጥ ተልጣ ጠቁራለች። ከሁሉ በታች ብራናው ነበር። በአንድ በኩል ተሸብሽቦ እንደ ተጠበሰ ቆዳ ደርቋል፤ የቡለን ቀዳዳዎቹ ተስበው ተቀድደዋል።

ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ትንሽ ነው። ዘይቱ ደግሞ ነጣ ብሏል፣ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ልደውል ብል ስልክ የለም። ሞተሩን ላቆም ብል ሰልፉ እስከ መንገድ ነው። ባንቺዓለምም ሁሉም ለፋሲካ ብለው ያመጡት ነው። ቡለኖቹን ትንሽ ትንሽ አጠበቅኋቸው። ቆመ። በማግሥቱ መልሶ አንጠባጠበ። ጨምሬ አጠበቅሁ።»

«በምን?» አሉ አባቱ።

«መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ።»

ጋሽ አስናቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከዚያማ ዝም አለ፣ አባ። ያቺ ጠቅ ጠቅ የምትለዋም ጠፋች። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ።» የተሰበረውን ዘንግ ነካ አደረገው። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ከብራናው ጠርዝ ላይ የደረቀውን ዘይት በጥፍሬ ፋቅሁት። የተበየዱት ጉብታዎችና ጠንካሮቹ ሞላዎች ሞተሩን ከለመደው በላይ አሠሩት። ከሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠመው አሮጌው ቴስታታ አንድ ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥቶ ይሆናል። በዚያ በኩል ከበርሜሉ ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቷል። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ መጡ። ብራናው ሲኮማተር ዘይት አፈሰሰ፤ ክዳኑ በቡለን ኃይል ወደ ውስጥ ሲጎብጥ ጉጧ ዘንጉን ነካች። ይህን ሁሉ በልቤ አገጣጠምኩ እንጂ ወዲያው አልተናገርኩም።

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ ጋሽ አስናቀው። «መሪጌታ ነግረውኛል።»

«እርስዎማ በዘይት ሞከሩት፣ አባ። ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ!»

እትዬ ወይንእሸት «በቃ» አሉ።

ለፋሲካ ቤት ውስጥ ዶሮ ተሠራ፤ ሁላችንም በላን። ጋሽ አስናቀው ሌላ ሞተር ስለመፈለግ አወሩ። ከባሕር ዳሩ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ሰው ልከው ነበር፤ ዘንጉ የተሰበረው ብየዳው የነካው ቦታ ላይ ስለሆነ መልሶ አይዝም አለ። የሞተሩ ዓይነት ደግሞ መመረት ካቆመ ዘመን አልፎታል፤ ምትክ ዘንግ ያየ ሰው አላገኘንም። ይታያል ሁሉንም በትሕትና ይሰማል። «እሺ አባ» ይላል። «ይሁን አባ» ይላል። እንዲህ እሺ ባይ ሆኖ አያውቅም። የፈራሁት ያኔ ነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ያ ዓባይ ማዶ የቆመው ሹፌር ነው። ጋራዡ ፊት መኪናውን አቁሞ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ወረወረልኝ።

«ይቅርታ ጋሽ አስናቀው! መንገዱ ነው እንጂ እኔ አልዘገየሁም።»

የጓርኒሲዮኑ ወረቀት ነበር። ምንም አልሆነም፤ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም።

በማግሥቱ ጠዋት ይታያል ቦርሳውን ይዞ ወደ ጋራዡ መጣ። ሥራ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ገለበጠው። መፍቻዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። በየቦታቸው ሰቀላቸው፤ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ ጎን። ባዶውን ቦርሳ አራግፎ ልብሱን ከፌስታል አውጥቶ ከተተበት።

ጋሽ አስናቀው ከክዳኑ ላይ አዲሱን ወረቀት አንጥፈው በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን እየመቱ ይቆርጡ ነበር። ጓርኒሲዮን እንዲህ ነው የሚቆረጠው፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን እንዲበላው በቀስታ ይመታል። ይታያል አጠገባቸው መጥቶ ቆመ።

«አባ።»

መዶሻው ቆመ። ቀና አላሉም። «አልይዝህም ብያለሁ» አሉ።

ይታያል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ። የሚመርቁት መስሎኝ ነበር፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ መዶሻውን አነሡ።

እትዬ ወይንእሸት ከቤት አልወጡም። እስከ መናኸሪያው የሸኘሁት እኔ ነኝ። የመዶሻው ድምፅ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተለን።

ወደ ደጀን የሚሄደው አውቶቡስ ገና እየሞላ ነበር። ይታያል ከመሳፈሩ በፊት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያቺን ስስ የብረት ቅጠል አወጣ።

«እውነቱን ንገረኝ ፍቅሬ። ባላጠብቀው ኖሮስ?»

ልዋሸው እችል ነበር። ግን ይታያል ውሸት የሚለይ ልጅ ነው፤ እኔም ለሱ ያለኝ እውነት ብቻ ነበር።

«ዘይቱ እየፈሰሰ ያልቅ ነበር። ደርቆ ይነክስ ነበር። ወይም ውሃው ዘንጎቹ የሚዞሩባቸውን ኩሽኔታዎች ይበላቸው ነበር። ብታጠብቀውም ባታጠብቀውም ብራናው አልቋል።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ሞተሩን አቁመህ ወረቀቱ የሚመጣበት መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ።»

አሰበ። «መንገዱ የተከፈተው ትላንት ነው።»

«አዎ።»

«ፋሲካም አልፎ።»

«አዎ» አልኩት።

ቅጠሏን እጄ ላይ አስቀመጠና «መለኪያህ እንዳይጎድል» አለ። ረዳቱ ጮኸ፤ ገባ። መስኮቱ ዳር አልተቀመጠም፤ ስለዚህ አውቶቡሱ ሲሄድ ፊቱን አላየሁትም።

ጋራዡ ስመለስ ጋሽ አስናቀው ጨርሰዋል። አዲሱን ጓርኒሲዮን በሁለት እጃቸው ወደ ብርሃኑ ይዘውታል።

«ለካው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘንግ እኮ የለውም።»

«ለካው አልኩህ፣ ኢንጂነር።»

ማይክሮሜትሩን አምጥቼ በየቦታው ለካሁት። ልክ ነበር። መሪጌታ ቀኑን ሙሉ ፍቀው ያመጡት ልክ ከፋብሪካ እንዲሁ መጥቷል። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ከመፍቻዎቹ በላይ ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ይታያል ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ። «በቅርብ ነው የምንነሣው» አለ፤ የባሕር ነፋስ ይሰማል ብለው እትዬ ወይንእሸት ስልኩን ለሁላችንም አሳዩን፣ ከተዘጋ በኋላ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እትዬ ወይንእሸት የጅዳውን ልጅ ቁጥር አፈላልገው አገኙና ደወሉለት። እዚያ አልደረሰም አላቸው። የሚመጡት ብዙ ስለሆኑ ግን አይታወቅም አላቸው። በየእሑዱ እየደወሉ ይጠይቁታል፤ አሁን አሁን ስልኩን አያነሣም።

ክረምቱ ገብቷል። የሞጣው ወፍጮ ቤት ተቆልፏል፤ ሴቶቹ መብራት በሌለ ጊዜ እህላቸውን ይዘው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የወፍጮ ሞተር ክዳን ይዞ ከየጥኖራ መጣ። ያው ዓይነት ሞተር ነው። ሞተሩ ዘይት ያፈሳል፤ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ሰውዬው ዙሪያውን ሲያማትር ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን አየ። ሄዶ ከክዳኑ ጋር አስተያየው።

«ልክ የኔ ነው እኮ! ይህን ብቻ ስጡኝ፣ ዛሬውኑ ልመለስ።»

ጋሽ አስናቀው ከተቀመጡበት ተነሡ። ጓርኒሲዮኑን ከሰውዬው እጅ ወስደው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉና መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ የወረቀቱን ጥቅል አወረዱ፣ የሰውዬውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ፣ ትንሹን መዶሻ አነሡ።

«አዲስ እቆርጥልሃለሁ» አሉት። «ያ የሰው ነው።»